ከድልድዩ ወዲህ ያደሩ ጫጩቶች

ዘነቡ የዳቦ ቤቷን በር ስትከፍት ምድጃው ከጠፋ አራተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ጊዜው የ1988 ክረምት ነው፤ ነሐሴ ከገባ አምስተኛው ቀን። በዚያ ዓመት ዝናቡ አልጠግብ ብሎ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ሌት ተቀን ሲያወርደው ከርሟል። የመካኒሳ መንገድ ዳሩና መሀሉ የማይለይ ቦይ ሆኗል። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል የሚወርደው ጭቃ የመንገደኛ ጫማ እየነጠቀ ያስቀራል። ታክሲዎች ጎፋ ላይ ሰው እያራገፉ ይመለሳሉ። ከሁሉ የከፋው ግን የጭነት መኪና መጥፋቱ ነው። ስኳር ጠፋ፣ ጋዝ ጠፋ፣ ከሰል ጠፋ። ለዘነቡ ደግሞ ዱቄት ጠፋ።

ዱቄት የሚያመጣላት መኪና ከሰበታ በኩል ነው የሚመጣው። ዓለም ገና አካባቢ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆሟል የሚል ወሬ ከሰማች ሁለት ቀን ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለም። አራቱን ሠራተኞቿን "ዱቄት ሲመጣ አስጠራችኋለሁ" ብላ ወደየቤታቸው ሰዳቸዋለች። አልሄድም ያለው ኦልጅራ ብቻ ነው። ኦልጅራ የምድጃው ሰው ነው። ሟቹ ባሏ ዳቦ ቤቱን ሲከፍት የቀጠረው፣ እሷንም ከሙሽርነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ሽማግሌ ነው። ሥራ ባይኖርም በየማለዳው ይመጣል። ምድጃው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ለክረምቱ ብለው በግንቦት ያስገቡትን ደረቅ እንጨት እያገላበጠ ያያል።

"ጋሽ ኦልጅራ፣ እስከ መስከረም ልዘጋው ነው" አለችው የዚያን ቀን።

ኦልጅራ አንዱን ፍልጥ አንስቶ በጥፍሩ ላጥ አደረገና ሽታውን ሳበ።

"ቤቱ ያንቺ ነው" አለ። "ግን ምድጃ እንደዚህ ሲከርም እርጥበት ይገባዋል። እርጥበት የገባው ምድጃ መስከረም ላይ እሳት ሲያገኝ ይሰነጠቃል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ባዶ ምድጃ ላንድድ?"

ኦልጅራ ፍልጡን ወደ ቦታው መለሰው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዘነቡ ባሏ ከሞተባት ሦስት ዓመት ሆኗታል። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ስንት ነገር ስትታገል እንደኖረች ታውቃለች፤ እንዲህ እጅ እግሯን ያሰረ ነገር ግን አልገጠማትም። ሰው ቢሆን ትለምነዋለች ወይም ትጣላዋለች። ሰማይን ምን ይሉታል?

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ከወንዙ በኩል ጩኸት ተሰማ። ከዳቦ ቤቱ ቁልቁል ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ ድልድዩ አለ። ወንዙ ከጠዋት ጀምሮ ሲያገሳ ስለዋለ ዘነቡ ሰው የተወሰደ መስሏት ደነገጠች። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች፤ ኦልጅራም ተከተላት።

ሰው አልተወሰደም። ድልድዩም ቆሟል። በወዲያ ማዶ ግን ድልድዩን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘውን አፈር ጎርፉ ጠራርጎ ወስዶታል። ድልድዩ ዳቦ እንደሚቆረስ ተቆርሶ በአየር ላይ ቀርቷል፤ ከእሱ እስከ ማዶው መንገድ ስምንት ዘጠኝ ሜትር የሚሆን ገደል ተከፍቷል። ከዚህኛው ወገን ደግሞ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና የኋላ እግሩ ቦይ ውስጥ ሰምጦ፣ እንደ ሰከረ ሰው አንድ ጎኑ ላይ ተጋድሟል። ሾፌሩ አፈሩ ሲናድ በዓይኑ አይቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ በድንጋጤ ወደ ኋላ ሲመልሰው ነው ቦዩ ውስጥ የገባው። ወጋየሁ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ዝናቡ ላይ ቆሞ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል።

"ነፍስህ ተርፋለች፣ ምን ትሆናለህ? ብረት ነው፣ ይወጣል" ይሉታል የተሰበሰቡት።

"የኔን ተዉት" አለ። "የጫንኩትን እዩልኝ።"

ያኔ ነው ዘነቡ ከሸራው ውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ያስተዋለችው። የወንዙ ጩኸት ሸፍኖት እንጂ፣ ቀረብ ሲሉት ስፍር ቁጥር የሌለው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። ከሸራው ስር ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ የተለጠፈ ሴት ብቅ አለች። ሸጊቱ የምትባል የዶሮ እርባታ ባለሙያ ናት።

"እባካችሁ፣ እሳት ያለበት ቤት አለ? ሰፊ ቤት፣ እሳት ያለበት!" አለች።

"ምንድን ነው የጫናችሁት?" አለች ዘነቡ።

"ጫጩት ነው እትዬ። ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። ከደብረ ዘይት ነው ያመጣናቸው፤ ሌሊቱን ነው የተፈለፈሉት።"

ነገሩን በጥድፊያ አስረዳች። ጫጩቶቹ ለወልቂጤ ሴቶች ናቸው። ሰባ ሁለት ሴቶች ተደራጅተው፣ የጫጩት ቤት ሠርተው፣ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ ኖረው ዛሬ ማታ ይረከባሉ። በጅማው መንገድ ለመውጣት አስበው ነበር፤ በላይ በኩል ናዳ መንገዱን ስለዘጋው ትራፊክ መለሳቸውና በመካኒሳ ማቋረጥ ይሻላል ብለው መጡ።

"ሁለት ቀን ሳይበሉ ይቆያሉ፤ የእንቁላሉ አስኳል ሆዳቸው ውስጥ አለ" አለች። "ብርድ ግን አይችሉም። በዚህ አያያዝ እስኪመሽ ድረስ አንድም አይተርፍም።"

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዱ "በየቤታችን ከሰል እናንድድና እንከፋፈላቸው" አለ። ሸጊቱ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የከሰል ጭስ ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል አለች። ሌላው ትምህርት ቤት አለ አለ፤ ትምህርት ቤቱ እሳት የለውም።

ዘነቡ ወደ ኦልጅራ ዞር አለች። ኦልጅራ ቀድሞ እያያት ነበር። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ቦታ ደርሷል። ያ እንጨት ግን የመጨረሻ ተስፋዋ ነው። ዱቄቱ ነገ ቢመጣ፣ በእርጥብ እንጨት ዳቦ አይጋገርም። በዚህ ክረምት ደረቅ እንጨት ፈልጎ ማግኘት ደግሞ አይታሰብም። ዳቦ ቤት ውስጥ ዶሮ ገባ ተብሎ ከተወራስ? ሰው ነገ ምን ይላል? ይህን ሁሉ አሰበች፤ ስታስብም ያ ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም።

"እንጨቱ ለስንት ሰዓት ይበቃል?" አለችው ኦልጅራን።

"ለሁለት ቀን ጋገራ ነው የያዝነው። ቀስ አድርጌ ካነደድኩት እስከ ነገ ጠዋት ግማሹን ቢበላ ነው።"

"በል ሂድ አንድድ" አለች። ከዚያም ለሸጊቱ፣ "ነይ፣ ቤት አለ። የቀዘቀዘ ምድጃ ያለበት ቤት ነው፤ አሁን እናሞቀዋለን" አለቻት።

ሠላሳ ስድስት ካርቶን ነበር፤ በየካርቶኑ መቶ ጫጩት። ሰዉ ተሰልፎ በላስቲክና በጃንጥላ እየሸፈነ ዳገቱን አወጣው። ወጋየሁ መኪናውን ጥሎ ሦስት አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ ጭቃው ውስጥ ሲወድቅ እንኳ ካርቶኑን ወደ ላይ ይዞ በጉልበቱ ነው የወደቀው። ከጎረቤት ያለው አናጢ ሁለት ጆንያ ሰጋቱራ አመጣና ወለሉ ላይ በተኑት። የሊጥ ማስቀመጫ ሳንቃዎቹን በጎናቸው አቁመው አጥር ሠሩላቸው።

ኦልጅራ እሳቱን ለኮሰ፤ ምድጃው ግን አራት ቀን ሙሉ የጠጣውን እርጥበት በአንዴ አልለቅም አለ። ጡቡ አላበው። ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በመጀመሪያው ሰዓት ክፍሉ ከውጭው ብዙም አይሻልም ነበር። ጫጩቶቹ እርስ በርስ ሙቀት ፍለጋ እየተጎተቱ ጥግ ጥጉን ይዘው ተከመሩ።

"ሲከመሩ ብርድ ነው ማለት ነው" አለች ሸጊቱ። "የሚገድላቸው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ከስር ያሉት ታፍነው ያልቃሉ። እንበትናቸው!"

ዘነቡ በጉልበቷ ተንበርክካ ክምሩን በሁለት እጇ እየዛቀች ትበትን ጀመር። ሃያ ዓመት ሊጥ ያቦካ እጅ ነው፤ ከባድ ነገር ለምዷል። ጫጩት ግን ምንም አይመዝንም። እፍኟ ውስጥ የያዘችው ነገር እንደ ሊጥ ለስላሳ ሆኖ፣ በውስጡ የሚንደቀደቅ ልብ አለው። ስትበትናቸው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ትበትናለች። አንዱ እጇ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ለአፍታ አየችውና ጠርዝ ላይ አስቀምጣው ወደ ሌሎቹ ተመለሰች።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ኦልጅራ ከምድጃው አፍ ላይ ሆኖ፣ "ያዘ!" አለ። ጡቡ ማላቡን አቁሟል። ጭሱ በጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ ይወጣ ጀመር። ሙቀቱ መጀመሪያ በግድግዳው፣ ከዚያ በወለሉ መጣ። ክምሩ ቀስ በቀስ እንደ ቅቤ ቀለጠና ቢጫው ሁሉ በሰጋቱራው ላይ ተዘረጋ። እንዲያውም ኋላ ላይ ኦልጅራ ደስ ብሎት ሲያበዛው ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ከምድጃው መሸሽ ጀመሩ። ሸጊቱ ሳቋ መጣ።

"አሁን ደግሞ ልትጋግራቸው ነው አባባ!" አለችው። መስኮት ከፈቱ።

ወሬው በሰፈሩ ስለተዳረሰ ሰው እየመጣ በበሩ ያያል። የሚያይ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። አንዷ ከጠፋው ስኳር ላይ በሲኒ ይዛ መጣች፤ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው በሰሃን አቀረቡላቸው። ሰሃኑ ውስጥ እንዳይሰጥሙ ጠጠር ጨመሩበት። ሌላዋ የበቆሎ ክክ አመጣች። ዘነቡ "ሰው ምን ይላል" ብላ የፈራችው ነገር በዚህ አለቀ። ሌሊቱን በየተራ እየተኙ፣ እየተነሱ፣ እየበተኑ አነጉት።

ሲነጋ ሸጊቱ የሞቱትን ለቀመች። አርባ አንድ ነበሩ።

"በደህና ቀን፣ በደህና መንገድ የሚሞተው ከዚህ ብዙም አያንስም" አለችና ምድጃውን ተደግፋ አለቀሰች። ትናንት ከሰው ፊት ይዛው የዋለችው ልቅሶ ነው። ዘነቡ ትከሻዋን ያዘቻት።

ችግሩ ግን አልተፈታም። ዝናቡ ጋብ ቢልም ወጋየሁ መኪናውን የሚያወጣ ማሽን ሲጠይቅ "ከሦስት ቀን በኋላ ሞክር" ተብሏል፤ ያልሰመጠ መኪና የለም። እንጨቱ በግማሽ አልቋል። ወልቂጤ ያሉት ሴቶች ምን እንደተፈጠረ አያውቁም። እንዲህ ሆነው ሲመካከሩ ወንዙን ለማየት ወርዶ የነበረው ኦልጅራ እያለከለከ ተመለሰ።

"ማዶ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቆሟል" አለ። "ከሸራው ጫፍ የዱቄት ከረጢት ይታያል።"

ዘነቡ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታደርግ ወረደች። የላፍቶ ወጣቶች ሌሊቱን ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ከተቆረሰው ድልድይ እስከ ማዶው መንገድ ዘርግተው፣ በጎኑ ገመድ ወጥረውበታል። ሰው አንድ በአንድ ይሻገራል። ከስር ወንዙ ቡና መስሎ ይሮጣል። ዘነቡ ውሃ ትፈራለች። ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ወደ ታች ላለማየት የማዶውን መኪና አፍንጫ እያየች ተሻገረች። ማዶ ስትደርስ እጇ ከገመዱ አልላቀቅ ብሎ አንድ ሰው ነው ያላቀቃት።

ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ቆሎ ይቆረጥማል። ኑረዲን ይባላል፤ የስልጤ ሰው ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

"ዱቄቱ የማነው?" አለችው።

"የአራት ዳቦ ቤት ነው። ሦስት ቀኔ ነው እህቴ። ዓለም ገና ላይ ሁለት ቀን ጭቃ ውስጥ፤ ከዚያ ስወጣ ደግሞ ይኸው ድልድዩ ጠበቀኝ። አንዷን ሴትዮ እንኳ አላህ ይርዳት፣ ዘነቡ የምትባል፣ ዱቄቷ ካለቀ ሰንብቷል አሉ።"

"ዘነቡ እኔ ነኝ።"

ኑረዲን ማኘኩን አቁሞ አያት። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ቀሚሷ ላይ ሰጋቱራና ቢጫ ላባ ተለጣጥፏል።

"ዳቦ ጋጋሪ ነሽ ወይስ ዶሮ ነጋዴ?"

ነገሩን ከሥር ነገረችው። ከዚያ ሌሊቱን ሁሉ ስትበትን ስትሰበስብ ያልመጣላት፣ አሁን ግንዱ ላይ ስትሻገር የመጣላትን ሐሳብ ነገረችው። ሁለት መኪና አለ፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ያንተ ጭነት ወደ እኛ ይሻገር፣ የእኛ ጭነት ወደ አንተ ይሻገር። አንተ ፊትህን ወደ መጣህበት አዙረህ ወልቂጤ አድርስልን።

"አይሆንም" አለ ኑረዲን ወዲያው። "ዱቄት ውሃ ከነካው ድንጋይ ነው። በዚህ ግንድ ላይ ላሻግረው? አንድ ነገር ቢሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"እዚህ ቆሞስ ደረቅ ይሆናል? ሸራህን እንየው።"

እያቅማማ ወርዶ የሸራውን ጥግ ገለጠ። የዳሩ ሁለት ከረጢቶች ውሃ ገብቷቸው ጠንክረዋል። ኑረዲን በጣቱ ጫን አላቸው። ሰማዩን አየ፤ ከፉሪ በኩል ጥቁር ደመና እየተሰበሰበ ነው።

"ሌሎቹ ባለቤቶች ካልፈቀዱ አላደርገውም" አለ፤ ድምፁ ግን ለዝቧል።

"አስጠይቃለሁ። ዱቄቱ እኔ ዘንድ ይራገፋል፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ሳንቃ ላይ። ሁሉም ከዚያ ይወስዳል።"

"እኔ እኮ ጫጩት ጭኜ አላውቅም።"

"እነሱም ኤንትሬ ተጭነው አያውቁም" አለችው። ኑረዲን ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ሲስቅ ልቡ እንደራራ ገባት።

ኦልጅራ ሌሎቹን ባለቤቶች በስልክ ሊጠይቅ ወደ ሰፈሩ መድኃኒት ቤት ተላከ። ከሦስቱ ዳቦ ቤቶች ሁለቱ ወዲያው እሺ አሉ፤ የሦስተኛው ባለቤት ጆሮውን ማመን አቅቶት ከጎፋ ድረስ በእግሩ መጣ። ማዶ የቆመውን ዱቄት ሲያይ ኮቱን አውልቆ ለሰው ሰጠና፣ "ማን ነው የሚያሻግረው? እኔም አለሁ" አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአካባቢው ሰው ብዙ ጊዜ አውርቶታል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ድልድዩ አፍ ላይ የታገደ መንገደኛ መቶ ይሆናል። ዘነቡ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆማ፣ "ወደ ማዶ የምትሻገሩ ሁሉ አንዳንድ ካርቶን ያዙልን!" ብላ ተጣራች። ሰው መጀመሪያ ግራ ገባው። ቀድሞ የተነሳው አንድ ቄስ ነበር። ጃንጥላውን ከራሱ ይልቅ በካርቶኑ ላይ ይዞ፣ አንድ እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ተሻገረ። ከዚያ ሴቶች በነጠላቸው እየሸፈኑ፣ ወታደሩ፣ ተማሪው፣ ለለቅሶ የሚሄደው ሁሉ አንዳንድ ካርቶን አቅፎ ተከተለ። ሸጊቱ ማዶ ሆና ትቀበላለች።

ዱቄቱ ደግሞ በተቃራኒው መጣ። ግንዱ ላይ ሁለት አቅጣጫ አይሆንምና ጥቂት ካርቶን ሲሄድ፣ ጥቂት ከረጢት ይመጣል። ከሰፈሩ የተገኙ የቀን ሠራተኞች በላስቲክ የተጠቀለለውን ከረጢት ትከሻቸው ላይ ያደርጉና በባዶ እግራቸው ግንዱን እየጨበጡ ይሻገራሉ። ወጋየሁም የሰመጠ መኪናውን ትቶ ከእነሱ ጋር ይሸከማል። አንድ ጊዜ የአንዱ እግር ተንሸራተተ። ሰውየው ገመዱን ያዘ፤ ከረጢቱ ግን አመለጠው። ቋጥኝ ላይ አርፎ ሲፈነዳ ያ ጥቁር ወንዝ ለአፍታ ወተት ሆነ። ኑረዲን ከማዶ፣ "ወንዙም ቁርሱን አገኘ፤ ቀጥሉ!" ብሎ ሲጮህ ሳቁ ከሁለቱም ወገን ተነሳ፤ ሰውየውም እየሳቀ ተሻገረ።

ኦልጅራ ከስልኩ ከተመለሰ ጀምሮ አንድ ሥራ ይዟል። ከወንዙ ዳር የለቀማቸውን ድቡልቡል ድንጋዮች ምድጃው ውስጥ ከትቶ ሲያግል ነበር። የካርቶኖቹ መጨረሻ ሲሻገር ድንጋዮቹን በጆንያ እየጠቀለሉ አሻግረው በካርቶኖቹ መሀል መሀል ደረደሯቸው። ሸራው ሲሸፈን ውስጡ እንደ ዳቦ ቤቱ ሞቀ።

"ይህ እስከ ወሊሶ ይይዛል" አለ ኦልጅራ። "ከዚያ ወዲያ አገሩ ዝቅ ይላል፤ ብርዱም ይለዝባል።"

ሸጊቱ ከጫጩቶቹ ጋር ከሸራው ስር ገባች። ከመግባቷ በፊት ዘነቡን አቅፋ ሳመቻት።

"ሂጂ፣ ደመናው ሳይቀድማችሁ" አለቻት ዘነቡ።

ኑረዲን ሞተሩን አስነሳ፤ ኤንትሬው እያጓራ፣ ጭቃውን እየረጨ ፊቱን አዞረና ዳገቱን ወጣ። ወጋየሁ ድልድዩ ላይ ቆሞ እስኪሰወር ድረስ አየው።

"እኔ ነበርኩ ማድረስ የነበረብኝ" አለ።

"አንተማ አድርሰሃል" አለችው ዘነቡ። "ፍሬኑን ባትይዝ ኖሮ ሁሉም ወንዝ ውስጥ ነበር። ና፣ እህል ቅመስ።"

ወደየቤታቸው ተልከው የነበሩት ሠራተኞች ተጠርተው ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። ዳቦ ቤቱን በበረኪና ሦስት ጊዜ አጠቡት፤ ሰጋቱራውን አውጥተው አቃጠሉት። ምድጃው እንደሆነ ሞቋል፣ አልጠፋም። አናጢው ጎረቤት የፍልጡን ማነስ አይቶ የደረቀ ቁርጥራጭ በጆንያ አመጣ፤ የጎፋው ዳቦ ጋጋሪም ዱቄቱን ሲወስድ ከእሱ ቤት አንድ ጋሪ እንጨት ልኮላት ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ዳቦ ሲወጣ፣ ጭቃ ለብሰው ሲሸከሙ የዋሉት ሰዎች በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ለእነሱ ያለ ሂሳብ አደለቻቸው። ትኩሱን ዳቦ ዝናብ ላይ ቆመው እያቃጠላቸው በሉት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ልጁን ላከባት፤ ከወልቂጤ ስልክ ተደውሎልሻል፣ መስመሩ ሳይቋረጥ ቶሎ ነይ ብሎ። ዘነቡ ሊጥ ባለበት እጇ ሮጣ ደረሰች። የሸጊቱ ድምፅ ከሩቅ፣ በፉጨት መሀል መጣ።

"እትዬ! ደረስን እኮ! ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ገባን። መንገድ ላይ የሞተው አስራ ሁለት ብቻ ነው። ሴቶቹ ከዋዜማው ጀምሮ ከመረከቢያው ትምህርት ቤት በረንዳ አልተነሱም ነበር። ሁሉም ድርሻ ድርሻውን ወሰደ።"

"እልል አሉ?"

"ኧረ እልልታ ብቻ! ኑረዲንን አትሄድም ብለው አሳድረው ዛሬ ነው የለቀቁት። እትዬ፣ ሴቶቹ አንቺን ማየት ይፈልጋሉ። ማን ናት ይሉኛል፣ ምን ብዬ ልንገራቸው?"

ዘነቡ ግድግዳውን ተደገፈች። የእናቷ አገር እዣ ከወልቂጤ ብዙ አይርቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ሄዳ አታውቅም፤ በየዓመቱ ሥራ በዛብኝ ትላለች። ሥራው እውነት ነው፤ ግን ያለ ባሏ፣ ብቻዋን ከመኪና ወርዳ በዘመዶቿ ደጅ መግባቱ ነበር የሚከብዳት። አሁን ስታስበው ያ ክብደት ከየት መጥቶ ከየት እንደሄደ አላወቀችም።

"ምንም አትንገሪያቸው" አለች። "ለመስቀል ራሴ እመጣለሁ።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

መስመሩ እዚያ ላይ ተቋረጠ። ዘነቡ ስልኩን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ካፊያ ነው፤ ከበድ ያለ ዝናብ አይደለም። ወደ ዳቦ ቤቷ ከመመለሷ በፊት እግሯ ወደ ድልድዩ ወሰዳት። የመንገድ ሠራተኞች ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆነው በተከፈተው ገደል ውስጥ ድንጋይ ይሞላሉ፤ ወጋየሁም መኪናውን የሚያወጣ ማሽን እስኪመጣ ከእነሱ ጋር ድንጋይ ያቀብላል። ስታየው እጁን አነሳላት።

"አውቶቡስ መቼ ያልፍበታል?" ብላ ጠየቀች አለቃቸውን።

"በዚህ ሰው ብዛት ከሆነ ሥራው ከጳጉሜን አያልፍም እትዬ።"

"እንግዲያው ነገ ጠዋት ለሁላችሁም ዳቦ እልካለሁ" አለችና ዳገቱን መውጣት ጀመረች።